ባትሪ ድንጋዩ አብሮት አለ?

ፒኤችፒ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የፈረንሳይ አብዮተኞችን ካሌንደር አሳምሮ ያውቃል። በ1793 ሥራ ላይ የዋለውን፣ ናፖሊዮን ከ1806 መባቻ ጀምሮ የሻረውን፣ ከዚያም በ1871 የፓሪስ ኮሚዩን ለጥቂት ቀናት ካነሳው በቀር ማንም ደመወዝ ያልከፈለበትን ካሌንደር ማለቴ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች የአውሮፓ ናቸው።) ከቋንቋው ጋር በሚታደለው የካሌንደር ቅጥያ ውስጥ አራት አቆጣጠሮች ተቀምጠዋል፦ ግሪጎርያን፣ ጁልያን፣ የአይሁድ እና ይኸው የፈረንሳዩ። የፈረንሳዩ ዓመት እያንዳንዳቸው 30 ቀን የሆኑ 12 ወራት አሉት፤ መጨረሻው ላይ 5፣ አንዳንዴም 6 ትርፍ ቀናት ይጨመሩበታል። ለእኛ አንባቢ ይህን ቅርጽ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጳጉሜ ነው። ጳጉሜን ዛሬም የምትኖርባት አገር ካሌንደር ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ወቀሳ አይደለም። ቅጥያውን የጻፉት ሰዎች የሚያውቁትንና የሚያስፈልጋቸውን ጻፉ፤ ሥራቸው ከቋንቋው ጋር ተጠቀለለ፤ ከዚያ ወዲያ ፒኤችፒ በሄደበት ሁሉ አብሮ ሄደ፤ ምዕራብ ሐረርጌ ድረስም ዘለቀ። ጭሮ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራ ተማሪ ኮምፒዩተር ውስጥ የሮብስፒየር ካሌንደር ተቀምጦለታል፤ የቀበሌው ካሌንደር ግን የለም።

የፕሮግራም ቋንቋ ሰዋስው ብቻ አይደለም። ፓይተንን ወይም ጃቫን አውርዶ የሚጭን ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር አብሮ ይጭናል፦ ቋንቋውን አንብቦ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም፣ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች፣ ከዚያም ሌሎች ሰዎች ለራሳቸው ጉዳይ ጽፈዋቸው ባለቤቶቹ «ይሄስ ለሁሉም ይጠቅማል» ብለው የጠቀለሏቸውን። ዝግጁ ኮዱ ላይብረሪ ይባላል። ከጥቅሉ ውጪ የቀረ ላይብረሪ ከኢንተርኔት መጋዘን በትእዛዝ ይመጣል፤ ለፓይተን በፒፕ፣ ለፒኤችፒ በኮምፖዘር፣ ለጃቫስክሪፕት በኤንፒኤም። የፓይተን ሰዎች ቋንቋቸውን ሲያሞግሱ «ባትሪው አብሮት ያለ» ይሉታል። ሬዲዮ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ባትሪ ድንጋይ የሌለው ሬዲዮ ዝም ያለ ዕቃ ነው።

ሙገሳው ባዶ አይደለም። ለዊንዶውስ የሚሆነው የፓይተን ጫኝ 25 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ ያክላል። ውስጡ ግን ኤስኪውላይት አለ፤ ሪቻርድ ሂፕ በ2000 ያወጣው፣ ሰርቨር የማይፈልግ፣ ሙሉ ዳታቤዙን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ። ቲኬ አለ፤ ጆን ኦስተርሃውት ቲሲኤል ለተባለው ለራሱ ቋንቋ የሠራው፣ መስኮትና ቁልፍ የሚስል። ሁለቱም የፓይተን አይደሉም፤ ፓይተን ያቀፋቸው የሰው ልጆች ናቸው። በእነዚህ ብቻ ቦኬ ወይም ሀብሮ ላለ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ መሥራት ይቻላል፦ የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ የጀንፈሉ ኪሎ፣ የተከፈለው ብር። ሰንጠረዡ በኤስኪውላይት ይፈጠራል፣ ቅጹ በቲኬ ይሠራል፣ ማታ ላይ ዝርዝሩ በሲኤስቪ ይወጣና ፀሐፊው በኤክሴል ይከፍተዋል። በዚህ ሁሉ መሐል ኢንተርኔት አንዴም አልተነካም።

ቀኑ ላይ ሲደረስ ነገር ይበላሻል። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተረከቡትን ጀንፈል «2017-02-30» ብለው ቢያስገቡ የፓይተን የቀን ላይብረሪ ቀኑ ከወሩ አልፏል ብሎ ይጥለዋል፤ ለእርሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው። ጳጉሜ 1ን ቢሰጡት ወር ከ1 እስከ 12 ነው ይላል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ይብሳል፤ 13ኛ ወር ሲሰጡት ሳይቃወም ወደ ቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ወር ይሻገራል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ጥብቅ ሁነታው ካልበራ ጥቅምት 30ን ተቀብሎ በቦታው ሙሉ ዜሮ ያስቀምጣል። ከሦስቱ የፓይተኑን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ በግልጽ እምቢ ብሏል። ዜሮው የሚታየው ግን ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ይሠራል፤ የበጀት ሪፖርት እስኪጠየቅ ድረስ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንና መስከረምን ይይዛል። ሦስት ወር ነው እንዳይባል አራት ስም አለው፤ አራት ወር ነው እንዳይባል ለጳጉሜ ደመወዝ የለም። ይህን የማያውቅ ላይብረሪ ለዞኑ ሒሳብ አይሆንም፤ ከውጭ ተገዝተው የመጡ የደመወዝ ፕሮግራሞች እዚህ ላይ ሲደናበሩ የሒሳብ ክፍል ሰዎች በየዓመቱ ያዩታል።

የሚያስገርመው ደግሞ ስሌቱ ከባድ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። የእኛ ካሌንደር ለኮምፒዩተር ከተመቹት አንዱ ነው። ካለፈው ዓመት ቁጥር 365 እጥፍ ላይ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ትጨምራለህ፣ ባለፉት ወራት ቁጥር 30 እጥፍ ትጨምራለህ፣ ቀኑን ትጨምራለህ፤ በቃ፣ ከዘመኑ መጀመሪያ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ታወቀ። እንደ ግሪጎርያኑ ባለ 31፣ ባለ 28፣ በመቶ ሲካፈል እንዲህ፣ በአራት መቶ ሲካፈል እንዲያ የሚባል ጣጣ የለውም። አሥር መስመር ኮድ ይበቃዋል። ከጥቅሉ ውጪ የቀረው ከብዶ ሳይሆን ጠቅላዮቹ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስፈልገው ሰው ስላልነበረ ነው።

ጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንዳለ ለማየት ፓይተን ጥሩ ማሳያ ነው፤ ክርክሩን በግልጽ ሰነድ ያስቀምጣልና። በ2000 ፔፕ 206 የተባለ የማሻሻያ ሐሳብ ቀረበ። ከዋናው ፓይተን ጎን፣ ብዙ ሰው የሚፈልጋቸውን የሌሎች ሰዎች ላይብረሪዎች የጠቀለለ ትልቅ ፓይተን ይታደል ይላል። ሐሳቡ በኋላ ተሰረዘ። በጅምላ መጠቅለሉ ቢቀርም አንድ በአንድ ማቀፉ ቀጠለ። በ2006 በወጣው ፓይተን 2.5 የጌርሃርድ ሄሪንግ የኤስኪውላይት ማገናኛ፣ የፍሬድሪክ ሉንድ የኤክስኤምኤል ላይብረሪና የቶማስ ሄለር የሲ ቋንቋ ድልድይ አንድ ላይ ገቡ። ሁሉም ከመግባታቸው በፊት ውጪ የኖሩ፣ ሰው የተጠቀመባቸው፣ ጸሐፊያቸው የሚታወቅ ሥራዎች ነበሩ። መስፈርቱ በአጭሩ ይኸው ነው፦ የተፈተነ ይሁን፣ ብዙ ሰው ይፈልገው፣ ጸሐፊው እጠብቀዋለሁ ይበል።

ሦስተኛው መስፈርት ከሁሉም ይከብዳል። አንድ ላይብረሪ ወደ ጥቅሉ ከገባ በኋላ የሚሻሻለው ቋንቋው በሚወጣበት ቀጠሮ ብቻ ነው፤ ፓይተን አሁን በዓመት አንዴ አዲስ እትም ያወጣል። ለካሌንደር ይህ ምንም አይደለም፤ የጳጉሜ ሕግ በዓመት አይለወጥም። ከድረ ገጽ ጋር ለሚነጋገር ላይብረሪ ግን አንድ ዓመት ዕድሜ ልክ ነው። በ2015 የፓይተን ገንቢዎች ሪኩዌስትስ የተባለውን፣ ሁሉም የሚጠቀምበትን የድር ላይብረሪ እናቅፈው ወይስ አናቅፈው ብለው ተነጋግረው አለማቀፍን መረጡ። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ በሰዓታት ውስጥ መጠገን ያለበት ነገር የዓመት ቀጠሮ አይጠብቅም። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። የፓይተን መመሪያ ራሱ አንባቢውን ወደዚያው ውጫዊ ላይብረሪ ይመራዋል፤ ባትሪ ድንጋዩን ከማዶ ሱቅ ግዛ እንደ ማለት ነው።

የታቀፈ ሁሉ ደግሞ አይዘልቅም። ፐርል የሊንከን ስታይንን የሲጂአይ ላይብረሪ በ1997 አቅፎ በ2015 አስወጣው። ፓይተን በጥቅምት 2024 በወጣው 3.13 እትሙ 19 ሞጁሎችን በአንድ ጊዜ አሰናበተ፤ ክርስቲያን ሃይምስ ከዓመታት በፊት «የሞቱ ባትሪዎች» ብሎ የዘረዘራቸውን። ጠባቂ የሌለው ኮድ ቀዳዳ ስለሚሆን መውጣቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የወጣው ዕቃ የተተወው «ከኢንተርኔት ይገኛል» ተብሎ ነው።

ይህቺ «ከኢንተርኔት ይገኛል» የምትባል ሐረግ ናት ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ጭሮ ባለው መንገድ ትርጉሟን የምትለውጠው። በሰኔ 2020 መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በ2017ም በ2019ም በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተዘግቷል። መብራት ሲሄድ፣ ፋይበር ሲቆረጥ፣ ጥቅል ሲያልቅ ያለውን የዘወትሩን መቋረጥ ልተወው። በእነዚያ ሳምንታት ሂርና ወይም ገለምሶ ላይ ኮድ ለሚጽፍ ሰው «መደበኛ ላይብረሪ» እና «ውጫዊ ላይብረሪ» የሚባሉት «አለ» እና «የለም» ናቸው። በሐምሌ 2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ ትምህርቱን በስልክ የጨረሰ ወጣት ግን ኮዱን የሚጽፍበት ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ የሚያገኘው የተጫነውን ብቻ ነው። የቋንቋ ጥቅል ወፍራም ይሁን ቀጭን የሚለው ክርክር ወደ እኛ ሲመጣ እኔ ከወፍራሞቹ ወገን ነኝ። ቀጭን ይሁን የሚሉት ሰዎች መስመራቸው የማይቋረጥ ነው።

ወፍራሙን ጥቅል ደግሞ እናውቀዋለን። ዛምፕ ይባላል። አፓቺ ሰርቨርን፣ ማሪያዲቢን፣ ፒኤችፒንና ፐርልን በአንድ ጫኝ የጠቀለለው፣ በ2002 በጀርመን የተጀመረ ሥራ ነው፤ የብዙ የኢትዮጵያ ተማሪ የመጀመሪያ ሰርቨር እርሱ ነው። አንዱ በፍላሽ ያመጣዋል፣ ክፍሉ ሁሉ ይገለብጠዋል። ጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ ሐረማያ ያለው በአንድ ከሰዓት ዳታቤዝና ሰርቨር ይኖረዋል። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ በፍላሽ የሚዞር ጥቅል ያረጃል እንጂ አይታደስም። ፒኤችፒ 7 በታኅሣሥ 2015 ሲወጣ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የምትለዋን የድሮ ማገናኛ ጥሏታል። ከቀድሞ ተመራቂ የተወረሰ ኮድ ግን በእርሷ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ኮዱን ከማደስ ይልቅ የድሮውን ዛምፕ ፈልጎ ይጭናል። የፒኤችፒ 5.6 የደኅንነት ጥገና በ2018 መጨረሻ ቆሟል። ለላብራቶሪ ልምምድ ግድ የለም፤ ያው ጥቅል የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ሲወጣ ግን በሩ ክፍት ነው።

ዛምፕ ውስጥ ግን አንድ ያልተነገረለት ነገር ተኝቷል። በፒኤችፒ ማኅደሩ ውስጥ አይሲዩ የሚባል ትልቅ ላይብረሪ ፋይሎች አሉ። አይሲዩ የዓለምን ቋንቋዎች፣ የቁጥር አጻጻፎችና ካሌንደሮች የሚያውቅ ሥራ ሲሆን የኢትዮጵያን ካሌንደር ከነጳጉሜዋ ያሰላል፤ የወራቱንም ስም በአማርኛ ይጽፋል። ይህን ከፒኤችፒ ጋር የሚያገናኘው «ኢንትል» የተባለ ቅጥያ ከ2009 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይታደላል። ታዲያ ለምን አይሠራም ቢሉ፣ የማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ «ኤክስቴንሽን ኢንትል» በሚለው መስመር ፊት አንዲት ሴሚኮለን ተቀምጣለች፤ በዚያ ፋይል ሕግ ሴሚኮለን ያለበት መስመር አይነበብም። ከዛምፕ መቆጣጠሪያው ላይ ከአፓቺ አጠገብ «ኮንፊግ» የሚለውን ተጭኖ ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይን መክፈት፣ መስመሩን መፈለግ፣ ሴሚኮለኗን አጥፍቶ ማስቀመጥ፣ አፓቺን አቁሞ ማስነሳት፤ ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ለቀን ጸሐፊው አካባቢውን አማርኛ ኢትዮጵያ፣ ካሌንደሩን ኢትዮፒክ ብለው ዓይነቱን «ትራዲሽናል» ካሉት መስከረምን መስከረም ይላል። ዲስክ ላይ ያለውን አይሲዩ ሳያውቁ ኢንተርኔት ላይ የካሌንደር ኮድ ሲፈልጉ የሚያመሹ ተማሪዎች ጥቂት አይመስሉኝም። በኢትዮጵያውያን የተጻፈው «አንደኛ» የተባለው የፒኤችፒ ላይብረሪ ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን በኮምፖዘር የሚመጣ ነው፤ ኮምፖዘር ደግሞ መስመር ይፈልጋል።

ኖድ የተባለው የጃቫስክሪፕት አስፈጻሚም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እስከ ጥቅምት 2019 ድረስ ይታደል የነበረው አይሲዩን ከእንግሊዝኛ ዳታ ጋር ብቻ ይዞ ነው። ቀኑን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ስጠኝ ቢሉት በእንግሊዝኛ ይመልስ ነበር፤ ስሕተት አለ ብሎም አያስጠነቅቅም። ምክንያቱ መጠን ነው፤ የሁሉም ቋንቋ ዳታ ከ20 ሜጋባይት በላይ ይጨምራል። 13ኛው እትም ሲወጣ ሙሉውን ዳታ ለሁሉም መጠቅለል ጀመሩ፤ በአንድ ውሳኔ የአፋን ኦሮሞው አማጂም የአማርኛው መስከረምም በየኮምፒዩተሩ ተገኙ። ማይክሮሶፍት ዶትኔት የታይላንድ፣ የኮሪያ፣ የፋርስና የሌሎች ካሌንደሮችን አቅፎ የእኛን አላቀፈም። ጃቫ በመጋቢት 2014 በ8ኛ እትሙ የቀን ላይብረሪውን እንደ አዲስ ሲሠራ መነሻው ስቲቨን ኮልበርን የጻፈው ጆዳ ታይም የተባለ ውጫዊ ላይብረሪ ነበር። ጆዳ ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር ነበር። ወደ ጃቫ ሲገባ የእስልምናው፣ የጃፓኑ፣ የታይዋኑና የታይላንዱ አለፉ፤ የእኛው «ተጨማሪ» በሚል ስም በሚጠራ ሌላ ጥቅል ውስጥ ቀረ። በሩ ድረስ ደርሶ መመለስ ይሏል ይህ ነው። ዳንኤል ያዕቆብም የኢትዮጵያን ካሌንደርና የግዕዝ ቁጥሮችን የሚያሰሉ የፐርል ላይብረሪዎች ጽፎ በቋንቋው መጋዘን አስቀምጧል፤ እነሱም ከዋናው ጥቅል አልገቡም።

መጠቅለል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለሚጠራጠር ሰው ፊደላችን ይመስክር። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የነገሡበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው፣ አዲስ አበባ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝርግፍ ሆኖ ሲወጣ አይቷል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ብቻውን ግን አልበቃም፤ ፎንቱን ማግኘት ነበረብህ። በ2007 መጀመሪያ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ጠቅልሎ ሲመጣ ግን ማንም ምንም ሳይጭን አማርኛ መነበብ ጀመረ። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ጎን ለጎን ይታይ ነበር፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከ1991 ጀምሮ በቁቤ ስለሚጻፍ ማንኛውም ኮምፒዩተር ይዞት በመጣው ፎንት ይነበባል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የቁቤው ደብዳቤ ያለ ጣጣ ሲታተም የአማርኛው ፎንት ይለመንለት ነበር። ቁቤ የተመረጠው ለኮምፒዩተር ተብሎ አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ከዚያም ደረሰ። በሁለቱም ቋንቋ የሚጻፈው ቀን የኢትዮጵያ በመሆኑ የካሌንደሩ ጉዳይ ላይ ሁለቱም እኩል ተቸግረዋል።

ታዲያ ሁሉም ይጠቅለል? አይደለም። በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝ ባለሙያዎችን እንቅልፍ ያሳጣቸው ቀዳዳውን መድፈኑ አልነበረም፤ በስንት ሺህ ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደተኛ ማወቁ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጃቫስክሪፕት ባዶ ቦታ መሙያ እንኳ ሳይኖረው ኖሮ፣ በመጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራመር 11 መስመር የምትሆን ላይብረሪውን ከመጋዘን ሲያነሳ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮድ መገንባት አቆመ። ያን ያህል የወፈረም ያን ያህል የቀጠነም ጉዳት አለው።

ደህና መፍትሔ የምለው በ2020 ፓይተን 3.9 ላይ የገባው ነው። ፖል ጋንስል የሰዓት ክልል ላይብረሪ ሲያስገባ ስሌቱን ከዳታው ለየው። ስሌቱ አይለወጥም፤ ቋንቋው ውስጥ ገባ። ዳታው ግን መንግሥታት በፈለጉ ጊዜ ይቀየራል፤ ግብፅ በ2023 የበጋ ሰዓትን ስትመልስ ያሳወቀችው ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። ስለዚህ ዳታው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይነበባል፤ እዚያ ከሌለ በትንሽ ውጫዊ ጥቅል ይመጣል። ሊኑክስ ዳታውን ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ግን የለውም። ውጤቱን መገመት አይከብድም፦ መስመር የሌለው፣ ዊንዶውስ የተጫነበት የጭሮ ኮምፒዩተር ላይ «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» የሚለውን ሰዓት ሲጠይቁት «አላገኘሁም» ይላል። (በዚያ ዝርዝር አዲስ አበባ ራሷ የናይሮቢ ተለጣፊ ናት።) ሰዓታችን ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት መቅደሙን ለሚያውቅ ሰው በእጅ መጻፉ ይቀላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቀንን የሚጀምረውን የአነጋገር ሰዓታችንን ግን አይሲዩም ቢሆን አያውቀውም፤ ኮምፒዩተሩን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መግፋት ደግሞ ዕለቱን ያዛባል።

አካሄዱ ግን ይጠቅመናል፤ የማይለወጠውን ከውስጥ፣ የሚለወጠውን ከውጭ አድርጎ፣ ውጪውን አስቀድሞ ማምጣት። ከቋንቋው ባለቤቶች ሌላ ሰው ጥቅል መሥራት እንደሚችል አናኮንዳ በ2012 አሳይቷል፤ በመቶ የሚቆጠሩ የሳይንስ ላይብረሪዎችን ከፓይተን ጋር ጠቀለለ። ግን ጫኙ ከግማሽ ጊጋባይት ያልፋል፤ በ2020 ደግሞ የአጠቃቀም ውሉን ለትልልቅ ድርጅቶች በክፍያ አደረገው። የሌላ ሰው ጥቅል የሌላ ሰው ውሳኔ ነው።

ለጭሮ፣ ለበደሳ፣ ለሚኤሶ የሚሆነው ጥቅል እዚያው ሊሠራ የሚችል ነው። ፒፕ ላይብረሪዎችን ሳይጭን ብቻ አውርዶ በአንድ ማኅደር የሚያስቀምጥበት ትእዛዝ አለው፤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ኢንተርኔትን ሳይነካ ከዚያ ማኅደር ይጭናል። ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ጥሩ መስመር ያለው ሰው አንዴ ካወረደው ፍላሽ ይበቃል። ዝርዝሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የወረደው ፋይል ለአንድ የፓይተን እትምና ለአንድ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ለ3.11 የወረደ ነምፓይ (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) 3.8 ላይ አይጫንም። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ከፓይተን 3.8 በላይ አይቀበልም። ስለዚህ ጥቅሉን የሚሠራው ሰው የሚጀምረው ከአዲሱ እትም ሳይሆን በላብራቶሪው ካለው ከአሮጌው ኮምፒዩተር ነው። ሾርትከት ቫይረስ ያልያዘው ፍላሽ ማግኘት ብርቅ በሆነበት አገር የእያንዳንዱ ፋይል የሻ 256 አሻራ (ፋይሉ አለመቀየሩ የሚመሰከርበት ቁጥር) በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይበዛም። ውስጡስ? የሰዓት ክልል ዳታው፣ ኤክሴል የሚያነብ ላይብረሪ፣ የካሌንደር መቀየሪያ፣ ሁለት የግዕዝ ፎንት፣ ሴሚኮለኗ የጠፋላት ዛምፕ። ጠባቂም ያስፈልገዋል፤ ስሙ የሚታወቅ፣ ክረምት ላይ ተማሪው ሲወጣ ጥቅሉን የሚያድስ አንድ ሰው።

የድር አሳሾች ዓለም ደግሞ እየተሻሻለ ነው። ቴምፖራል የተባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት የቀን ላይብረሪ በግንቦት 2025 ከፋየርፎክስ 139 ጋር ተጠቅልሎ ወጣ፤ የኢትዮጵያ ካሌንደር ውስጡ አለ፤ ጳጉሜ የራሷ የ13ኛ ወር መለያ ተሰጥቷታል። መሥሪያ ቤቶች የሚገዟቸው ፕሮግራሞች እዚህ ላይ እስኪደርሱ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ መፈተኛ ቀኑ ደግሞ ቀርቧል። ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ ይውላል፤ በአውሮፓ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። አዲስ የመዝገብ ወይም የደመወዝ ፕሮግራም የቀረበለት የሒሳብ ኃላፊ ዛሬውኑ ያቺን ቀን አስገብቶ ይሞክረው። ቀጥሎ ጳጉሜ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.ን ያስገባ፤ ያቺ ቀን የለችምና ፕሮግራሙ እምቢ ሊላት ይገባል። ሁለቱንም የሚቀበል ፕሮግራም ወይ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል ወይ የጳጉሜን ሕግ አያውቅም፤ ሁለቱንም እምቢ የሚለው ደግሞ ባለ 6 ቀኗን ጳጉሜ አያውቃትም።